እንግዳ ጠባይ ያላቸውን ተለዋዋጭ ከዋክብት ዕድሜና መነሻ ለማወቅ፦ ከጎንደር ሆኖ ለሚሠራ ሰው የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

በጎንደር የሥነ ፈለክ ፍቅር ያደረባቸው ተማሪዎችና መምህራን ደጋግመው የሚያቀርቡልኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «በካታሎግ ውስጥ ብርሃኑ የሚለዋወጥ ኮከብ አገኘሁ፤ ዑደቱም ተጽፏል፤ ታዲያ ዕድሜው ስንት ነው? ከየትስ መጣ?» ይህ መመሪያ የተጻፈው ለዚሁ ጥያቄ መልስ እንዲሆን ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ መያዝ ያለበት ነገር፣ የአንድ ኮከብ ዑደት (ብርሃኑ ደምቆና ደብዝዞ ወደ መጀመሪያው ለመመለስ የሚወስድበት ጊዜ) ብቻውን ዕድሜን እንደማይናገር ነው። ለእያንዳንዱ ኮከብ ሁለት ዕድሜዎችን ለየብቻ ማውጣት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ከኮከቡ ከራሱ አካል፣ ማለትም ከመጠነ ቁሱና ከምቱ (በየጊዜው ከማበጡና ከመኮማተሩ) የሚገኝ ዕድሜ ነው። ሁለተኛው ከወገኖቹ፣ ማለትም ከብረታብረት ይዘቱ፣ ከእንቅስቃሴውና አብረውት ከተወለዱት ከዋክብት የሚገኝ ዕድሜ ነው። አንድ ሰው በመልኩ ጎልማሳ ቢመስልም አብሮ አደጎቹ በሙሉ ሽማግሌዎች ከሆኑ፣ መልኩን ብቻ አይቶ ዕድሜውን መገመት እንደማይገባ ሁሉ፣ ሁለቱ ዕድሜዎች በማይስማሙበት ጊዜ ኮከቡ ያለፈበትን ታሪክ የሚገልጠው አለመስማማታቸው ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ላፕቶፕ፣ እንዲሁም መረጃ የሚቀመጥበት ፍላሽ ዲስክ። መብራት ሊጠፋና ኢንተርኔት ሊቋረጥ ስለሚችል ያወረዱትን ሁሉ ወዲያውኑ ወደ ፍላሹ ይገልብጡ።
- ነጻ ሶፍትዌሮች፦ ለዑደት ፍለጋ ቪስታር፣ ለሠንጠረዥና ለግራፍ ቶፕካት፣ ለስሌት ፓይተን ከአስትሮፓይና ከጋልፓይ ጋር።
- በነጻ የሚገኙ መረጃዎች፦ የጋያ ሳተላይት ሦስተኛ የመረጃ ስብስብ (እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው)፣ የቴስ ሳተላይት የብርሃን ልኬቶች፣ ቪ ኤስ ኤክስ የተባለው የተለዋዋጭ ከዋክብት ማውጫ፣ እንዲሁም የሲምባድና የቪዚየር ካታሎጎች።
- በራስዎ ዓይን ለመመልከት ከፈለጉ 7×50 ወይም 10×50 ባይኖክላር፣ ቀይ ብርሃን ያለው የእጅ ባትሪ፣ ደብተር፣ በትክክል የተሞላ ሰዓት።

ቴሌስኮፕ አልዘረዘርኩም፤ የዚህ ሥራ አብዛኛው ክፍል የሚከናወነው በተዘጋጀ መረጃ ላይ ስለሆነ ቴሌስኮፕ የሌለው ሰው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሊሠራው ይችላል።

ደረጃ 1፦ ኮከቡን በትክክል ይለዩ

የኮከቡን መገኛ ከሲምባድ ይውሰዱና በጋያ ካታሎግ ውስጥ ያለውን መለያ ቁጥር ይፈልጉ። ከዚያም በዙሪያው ምን ሌሎች ከዋክብት እንዳሉ ይመልከቱ። ይህ የሚያስፈልገው የቴስ አንድ ፒክስል 21 አርክሰከንድ (አንድ አርክሰከንድ የዲግሪ 3600ኛ ክፍል ነው) ስለሚሸፍን፣ በአንድ ፒክስል ውስጥ የብዙ ከዋክብት ብርሃን ሊደባለቅ ስለሚችል ነው። የሚለዋወጠው ጎረቤቱ ሆኖ ሳለ እርስዎ የሌላውን ኮከብ ርቀት ከወሰዱ፣ ከዚህ በኋላ ያለው ስሌት በሙሉ ከንቱ ይሆናል።

በካታሎግ ላይ ከኮከቡ ስም ጎን የተጻፈውን የዓይነት ስያሜ እንደ መነሻ ግምት ብቻ ይያዙት። ስያሜው ብዙውን ጊዜ በኮምፒውተር የተሰጠ ነው፤ እንግዳ ጠባይ ያላቸው ከዋክብት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በስሕተት የሚመደቡት እዚሁ ላይ ነው።

ደረጃ 2፦ ዑደቱን ያረጋግጡ

በዚህ ደረጃ ላይ ጊዜ ይውሰዱ፤ የተሳሳተ ዑደት ኮከቡን ከአንድ ቤተሰብ ወደ ሌላ ቤተሰብ ያሻግረዋል።

ሀ. በራስዎ የመዘገቡት ልኬት ካለ ሰዓቱን ወደ ጁሊያን ቀን (ቀናትን በአንድ ተከታታይ ቁጥር የሚቆጥር የሥነ ፈለክ አቆጣጠር) ይቀይሩ። የጎንደር ሰዓት ከዓለም አቀፉ ሰዓት በ3 ሰዓት ይቀድማል፤ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 3 ሰዓት የሚባለው በዓለም አቀፉ 18፡00 ነው። የጁሊያን ቀን የሚለወጠው በዓለም አቀፉ እኩለ ቀን፣ ማለትም በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ስለሆነ፣ የአንድ ሌሊት ሥራ በሙሉ በአንድ የጁሊያን ቀን ቁጥር ሥር ይወድቃል። ይህ ለእኛ ምቹ ነው፤ ሆኖም በኢትዮጵያ ቀን የተጻፈን ማስታወሻ ወደ ጎርጎርዮሳዊ ቀን ሲቀይሩ የአንድ ቀን ስሕተት በቀላሉ ስለሚገባ ሁለቱንም ቀኖች ጎን ለጎን ይጻፉ።

ለ. ምድር በፀሐይ ዙሪያ ስለምትዞር የኮከቡ ብርሃን እንደ ወቅቱ እስከ 8 ደቂቃ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ይደርሳል። ዑደቱ ከአንድ ቀን በታች ለሆነ ኮከብ ይህን ማስተካከያ ማድረግ ግዴታ ነው። አስትሮፓይ ያሰላልዎታል።

ሐ. በቪስታር ዑደቱን ይፈልጉ፣ ከዚያም የሐሰት ዑደቶችን ያጣሩ። ከአንድ ቦታ ብቻ የሚመለከት ሰው ኮከቡን የሚያየው በየ24 ሰዓቱ ነው፤ በዚህ ምክንያት በቀን አንድ ጊዜ የሚለው ድግግሞሽ ከኮከቡ እውነተኛ ድግግሞሽ ጋር እየተደመረና እየተቀነሰ የሌሉ ዑደቶችን ይፈጥራል። የታወቀውን አር አር ላይሪ ኮከብ (ስሙ ለመላው ቤተሰቡ መጠሪያ የሆነውን) እንውሰድ። ዑደቱ 0.567 ቀን ነው፤ ይህም በቀን 1.764 ዙር ማለት ነው። ከዚህ ላይ 1 ሲቀነስ 0.764 ይሆናል፤ እሱም የ1.309 ቀን ዑደት ሆኖ ይታያል። በሌላ አነጋገር ከ10 ቢሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ እንዳለው የሚገመት ኮከብ፣ በአመዘጋገቡ ጉድለት ብቻ፣ አጭር ዑደት ያለው ሴፌይድ (ብዙውን ጊዜ ወጣት የሆነ ሌላ የተለዋዋጭ ከዋክብት ቤተሰብ) መስሎ ይቀርባል ማለት ነው። መፍትሔው በየ24 ሰዓቱ ያልተቆራረጠ መረጃ መጨመር ነው፤ ቴስ አንድን የሰማይ ክፍል 27 ቀን ያህል ስለሚከታተል ይህን ችግር አብዛኛውን ጊዜ ይፈታዋል።

ደረጃ 3፦ የብርሃን ግራፉን ቅርጽ ይመርምሩ

ልኬቶቹን በዑደቱ ላይ አጥፈው አንድ ዙር ብቻ እንዲታይ ያድርጉ፤ ከዚያም ከሚከተሉት ጋር ያነጻጽሩ።

- አር አር ላይሪ፦ ዑደቱ ከ0.2 እስከ 1 ቀን ነው። ዋነኛው ዓይነት በፍጥነት ይደምቅና ቀስ እያለ ይደበዝዛል።
- ክላሲካል ሴፌይድ፦ አብዛኞቹ ከ1 እስከ 100 ቀን፤ ዑደቱ ወደ 10 ቀን ሲጠጋ በግራፉ ጫፍ አካባቢ ትንሽ ጉብታ ይታያል።
- ዓይነት ሁለት ሴፌይድ፦ ከ1 ቀን ጀምሮ ያለው አሮጌው ወገን፤ ከ20 ቀን በላይ የሆኑት አንድ ጊዜ ጥልቅ፣ አንድ ጊዜ ቀለል ያለ መደብዘዝ ያሳያሉ።
- ያልተለመደ ሴፌይድ (አኖማለስ)፦ ከ0.4 እስከ 2.5 ቀን ገደማ።
- ኤስ ኤክስ ፊኒሲስ፦ ብዙውን ጊዜ ከ2 ሰዓት በታች።
- አር ኮሮና ቦሪያሊስ፦ ያለ ቋሚ ዑደት በድንገት የሚደበዝዝ፤ የቤተሰቡ መጠሪያ የሆነው ኮከብ ከ6ኛ ማግኒቲውድ (የድምቀት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያድግ ኮከቡ ደብዛዛ ነው) ወደ 14ኛ ሊወርድ ይችላል።

ከ0.4 እስከ 2.5 ቀን ባለው ክልል ውስጥ እስከ አራት የሚደርሱ ቤተሰቦች እንደሚደራረቡ ልብ ይበሉ። በቅርጽ ብቻ እነሱን መለየት አስተማማኝ አይደለም፤ ለዚህ ነው ቀጣዮቹ ደረጃዎች የሚያስፈልጉት።

ደረጃ 4፦ የብረታብረት ይዘቱን ያግኙ

የሥነ ፈለክ ሰዎች ከሃይድሮጅንና ከሂሊየም የከበደውን ንጥረ ነገር ሁሉ «ብረታብረት» ይሉታል። ይህ ይዘት በከዋክብት ውስጥ እየተመረተ ከትውልድ ወደ ትውልድ ስለሚጨምር የዘመን ምልክት ነው። ልኬቱ በሎጋሪዝም ስለሚሰጥ 0 ማለት የፀሐይን ያህል፣ −1 ማለት የፀሐይን አንድ አሥረኛ፣ −2 ማለት አንድ መቶኛ ነው።

የስፔክትረም ልኬት በካታሎግ ካለ እሱን ያስቀድሙ። ከሌለና ኮከቡ ዋነኛው የአር አር ላይሪ ዓይነት ከሆነ፣ ዩርቺክና ኮቫች እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጡትን ቀመር መጠቀም ይቻላል፦

ይዘት = −5.038 − (5.394 × ዑደት በቀን) + (1.345 × ፋይ 31)

ፋይ 31 የሚባለው የብርሃን ግራፉ በሳይን ፉሪየር (ግራፉን ወደ ቀላል ሞገዶች በሚከፍል ስሌት) ሲተነተን ከሦስተኛው ሞገድ ፌዝ (የሞገዱ መነሻ ቦታ) ላይ የመጀመሪያው ሞገድ ፌዝ ሦስት እጥፍ ሲቀነስ የሚገኘው ቁጥር ነው። ዑደቱ 0.55፣ ፋይ 31ም 5.1 ቢሆን ውጤቱ ወደ −1.15 ይሆናል።

ማስጠንቀቂያ፦ ቀመሩ የተሠራው ቪ በተባለው የብርሃን ማጣሪያ ለተገኘ ልኬት ነው፤ የቴስን ወይም የጋያን ግራፍ በቀጥታ ቢያስገቡበት የተሳሳተ ቁጥር ይሰጥዎታል። የግራፉ ቅርጽ ከሳምንት ሳምንት የሚለዋወጥ ከሆነም (ይህ ብላዥኮ የተባለው ክስተት ነው፤ በራሱ በአር አር ላይሪ ላይ በ40 ቀን ገደማ ይደጋገማል) ውጤቱን አይመኑት።

ደረጃ 5፦ ርቀቱንና እውነተኛ ድምቀቱን ያስሉ

ከጋያ የፓራላክሱን (ምድር በፀሐይ ዙሪያ ስትዞር ኮከቡ ቦታ የቀየረ መስሎ የሚታይበት ትንሽ ማዕዘን) ቁጥር ይውሰዱ። 1000ን በሚሊ አርክሰከንድ ለተሰጠው ፓራላክስ ሲያካፍሉ ርቀቱን በፓርሴክ (አንዱ 3.26 የብርሃን ዓመት ነው) ያገኛሉ። ፓራላክሱ 0.50 ከሆነ ርቀቱ 2000 ፓርሴክ ነው፤ ለዚህ ርቀት ከሚታየው ድምቀት ላይ የሚቀነሰው ቁጥር 11.5 ነው። የኮከቡ አማካይ ማግኒቲውድ 11.2፣ በመንገድ ላይ ያለው የህዋ አቧራ የከለከለውም 0.3 ቢሆን፣ ፍጹም ድምቀቱ (በ10 ፓርሴክ ርቀት ላይ ቢሆን የሚኖረው) 11.2 − 0.3 − 11.5 = −0.6 ይሆናል።

አሁን ያነጻጽሩ። አር አር ላይሪ ከዋክብት ዑደታቸው ምንም ቢሆን ፍጹም ድምቀታቸው ወደ +0.6 ይጠጋል። ለክላሲካል ሴፌይድ ደግሞ የሚከተለውን ይጠቀሙ፦

ፍጹም ድምቀት = −2.43 × (የዑደቱ ሎግ − 1) − 4.05 (ሎግ ማለት ባለ 10 መሠረት ሎጋሪዝም ነው፤ ዑደቱ በቀን)

የምሳሌያችን ኮከብ ዑደት 0.82 ቀን ነው እንበል፤ ክላሲካል ሴፌይድ ቢሆን −1.4 መሆን ነበረበት። የተገኘው −0.6 ግን ከአር አር ላይሪ የደመቀ፣ ከክላሲካል ሴፌይድ የደበዘዘ ነው፤ ያልተለመዱ ሴፌይዶች የሚገኙትም በዚሁ መካከል ነው።

ማስጠንቀቂያዎች፦ የፓራላክሱ ስሕተት ከቁጥሩ አንድ አምስተኛ ከበለጠ በዚህ መንገድ ርቀት አያውጡ። የጋያ ፓራላክሶች በጥቂት መቶኛ ሚሊ አርክሰከንድ ያነሱ ስለሆኑ በጋያ ቡድን የተዘጋጀውን ማስተካከያ ይጨምሩ፤ ለሩቅ ኮከብ ይህች ትንሽ ቁጥር ብዙ ታዛባለች። ሩዌ የሚባለው የጥራት መለኪያ ከ1.4 በላይ ከሆነ ልኬቱ ይጠረጠራል፤ ነገር ግን ይህን በማስታወሻዎ ይያዙት፤ በደረጃ 8 እንደምናየው ኮከቡ ተጓዳኝ (አብሮት የሚዞር ሌላ ኮከብ) እንዳለው የሚጠቁም ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 6፦ እንቅስቃሴውን ያስሉ

የጎን ፍጥነት በሴኮንድ ኪሎ ሜትር = 4.74 × የጎን እንቅስቃሴ (በዓመት ሚሊ አርክሰከንድ) ÷ ፓራላክስ

በምሳሌያችን የጎን እንቅስቃሴው 20 ከሆነ 4.74 × 20 ÷ 0.50 = 190 ኪሎ ሜትር በሴኮንድ ገደማ ነው። በዚህ ላይ የእይታ መስመር ፍጥነቱን (ወደ እኛ የሚቀርብበትን ወይም ከእኛ የሚርቅበትን) ጨምረው፣ የፀሐይን የራሷን እንቅስቃሴ ቀንሰው፣ ጠቅላላ ፍጥነቱን ያግኙ። በፀሐይ አካባቢ ካለው አማካይ ዙረት ሲለካ ከ50 በታች የሆነ ኮከብ አብዛኛውን ጊዜ የሚልኪ ዌይ (የእኛ ጋላክሲ) ስስ ዲስክ አባል ነው፤ ከ70 እስከ 180 ያለው ወፍራም ዲስኩን፣ ከ200 በላይ የሆነው አሮጌውን ሃሎ (ዲስኩን ከበው የሚገኙትን የከዋክብት ክልል) ያመለክታል። በጋልፓይ ምሕዋሩን መሳል ደግሞ ኮከቡ ከዲስኩ ምን ያህል ከፍ እንደሚል ያሳያል። ይህ ደረጃ አስፈላጊ የሆነው ፍጥነት ሊደበቅ የማይችል የትውልድ ቦታ ምልክት ስለሆነ ነው፤ ኮከቡ ቅርጹንና ድምቀቱን ቢለውጥ እንኳ ምሕዋሩ በቀላሉ አይለወጥም።

አንድ ጥንቃቄ፦ የሚተነፍስ ኮከብ ገጽታው ወደ እኛና ከእኛ ስለሚንቀሳቀስ የእይታ መስመር ፍጥነቱ በአንድ ዑደት ውስጥ በብዙ አሥር ኪሎ ሜትሮች ይለዋወጣል። በአንድ ምሽት የተወሰደ ነጠላ ልኬት የኮከቡን ጉዞ አይወክልም።

ደረጃ 7፦ ሁለቱን ዕድሜዎች ለየብቻ ይጻፉ

ከአካሉ የሚገኘው፦ ኮከቡ ክላሲካል ሴፌይድ ከሆነ ለፀሐይ መሰል ይዘት የተዘጋጀው ቀመር ይህ ነው፦ የዕድሜው ሎግ (በዓመት) = 8.31 − 0.67 × የዑደቱ ሎግ (በቀን)። ለዴልታ ሴፌይ፣ ዑደቱ 5.366 ቀን ስለሆነ፣ ወደ 66 ሚሊዮን ዓመት ይደርሳል። በሌሎች ተመራማሪዎች የወጣ ቀመር ለዚሁ ኮከብ 100 ሚሊዮን ገደማ ይሰጣል፤ የከዋክብትን ሽክርክሪት የሚያስገቡ ሞዴሎችም ዕድሜውን ከፍ ያደርጉታል። ስለዚህ «ከ65 እስከ 100 ሚሊዮን» ብሎ መጻፍ ከአንድ ቁጥር ይልቅ እውነተኛ ነው። ለአር አር ላይሪ የተለመደው ግምት ከ10 ቢሊዮን ዓመት በላይ ነው። ያልተለመደ ሴፌይድ መጠነ ቁሱ ከፀሐይ 1.3 እስከ 2.1 እጥፍ ገደማ ስለሆነ፣ ብቻውን የኖረ ቢሆን ዕድሜው ከ1 እስከ 6 ቢሊዮን ዓመት ሊሆን ይገባል።

ከወገኖቹ የሚገኘው፦ ይዘቱ ከ−1 በታች ሆኖ የሃሎ ምሕዋር ካለው ወገኖቹ አብዛኞቹ 10 ቢሊዮን ዓመት ያለፋቸው ናቸው። የከዋክብት ክምችት አባል ከሆነ ሥራው በእጅጉ ይቀላል፤ የክምችቱ ዕድሜ የእሱም የትውልድ ዘመን ነው። አባልነቱን ለማረጋገጥ በሰማይ ላይ መቀራረቡ አይበቃም፤ ፓራላክሱ፣ የጎን እንቅስቃሴውና የእይታ መስመር ፍጥነቱ ሦስቱም ከክምችቱ ጋር መስማማት አለባቸው።

ደረጃ 8፦ ያነጻጽሩና መነሻውን ይፍረዱ

ሁለቱ ዕድሜዎች ከተስማሙ ኮከቡ ብቻውን የኖረ ነው ብሎ መነሳት ይቻላል። ካልተስማሙ ከሚከተሉት የትኛው እንደሚገጥም ይመርምሩ።

*አካሉ ወጣት፣ ወገኖቹ አሮጌ።* የቢ ኤል ቡትስ ጉዳይ ግልጽ ምሳሌ ነው። ይህ የ0.82 ቀን ዑደት ያለው ያልተለመደ ሴፌይድ ኤን ጂ ሲ 5466 በተባለ ሉላዊ ክምችት (እንደ ኳስ የተሰበሰቡ አሮጌ ከዋክብት) ውስጥ ይገኛል። ክምችቱ እጅግ አሮጌ ስለሆነ የፀሐይን 1.5 እጥፍ የሚመዝን ኮከብ እዚያ ብቻውን እስከ ዛሬ ሊቆይ አይችልም። ስለዚህ ሁለት ቀላል ኮከቦች ተዋሕደው ወይም አንዱ ለሌላው ቁስ አቀብሎት የተገኘ ነው ከማለት ሌላ አጥጋቢ ማብራሪያ የለም። በሉላዊ ክምችቶች ውስጥ የሚገኙት ኤስ ኤክስ ፊኒሲስ ከዋክብትም በዚሁ መንገድ ይተረጎማሉ። ነገር ግን ያልተለመደ ሴፌይድ ሆኖ ከክምችት ውጭ፣ ለምሳሌ በአንዲት ድንክ ጋላክሲ ውስጥ ከተገኘ፣ ዕድሜው መካከለኛ የሆነ ነጠላ ኮከብ ሊሆን ስለሚችል ሁለቱንም ዕድሎች ክፍት ያድርጉ።

*አካሉ አሮጌ ይመስላል፣ ወገኖቹ ወጣት ናቸው።* አንዳንድ አር አር ላይሪ ከዋክብት ይዘታቸው ወደ ፀሐይ የቀረበ፣ ምሕዋራቸውም የስስ ዲስክ ነው። በዚህ ጊዜ «አር አር ላይሪ ስለሆነ አሮጌ ነው» ማለት አይበቃም፤ ተጓዳኙ የላይኛውን ክፍሉን ገፍፎ ወስዶበት ሊሆን ይችላል። ይህ ሊሆን እንደሚችል ያረጋገጠው ኦግል በተባለው የሰማይ ጥናት የተገኘው 02792 የተባለ ኮከብ ነው፦ የ0.627 ቀን ዑደቱ ፍጹም አር አር ላይሪ ያስመስለዋል፣ ነገር ግን በ15.24 ቀን ከሚዞር ተጓዳኙ ጋር ተመዝኖ መጠነ ቁሱ የፀሐይ 0.26 ብቻ ሆኖ ተገኘ። ለአር አር ላይሪ የሚጠበቀው ከ0.6 እስከ 0.8 ነው።

*ድምቀቱ ከዑደቱ ጋር አይገጥምም።* ካፓ ፓቮኒስ የ9.09 ቀን ዑደት አለው። በክላሲካል ሴፌይድ ቀመር ዕድሜው ከ50 ሚሊዮን ዓመት በታች፣ ርቀቱም 450 ፓርሴክ አካባቢ በሆነ ነበር። ፓራላክሱ ግን ከ200 ፓርሴክ በታች ያስቀምጠዋል፤ ማለትም ከሚጠበቀው ወደ 2 ማግኒቲውድ ደብዛዛ ነው። ስለዚህ የዓይነት ሁለት ወገን ነው፤ ዕድሜው የሚቆጠረው በቢሊዮን ነው። ከወገኖቹም በመጠኑ ስለሚደምቅ ተጓዳኝ እንዳለው ይታመናል።

*ሃይድሮጅን የለውም ማለት ይቻላል፣ ካርቦን ግን ሞልቶታል።* ይህ የአር ኮሮና ቦሪያሊስ ምልክት ነው። በአብዛኛው ተቀባይነት ያለው ማብራሪያ የሁለት ነጭ ድንኮች (ነዳጃቸውን የጨረሱ ከዋክብት ጥቅጥቅ ያሉ ቅሪቶች) ውሕደት ነው፤ ስለዚህ «ዕድሜ» ሲጽፉ የጥንዶቹን ዕድሜና ከውሕደቱ ወዲህ ያለውን አጭር ጊዜ ለይተው ይጻፉ።

የጥንድነት ማስረጃ የሚፈለገው በሦስት ቦታ ነው፦ በከፍተኛ የሩዌ ቁጥር፣ በእይታ መስመር ፍጥነት ዝግ ያለ ለውጥ፣ እንዲሁም ድምቀቱ ጫፍ የሚደርስበት ሰዓት በየዓመቱ ወደፊትና ወደኋላ በመወዛወዙ። ውሕደቱ ከተፈጸመ ግን ተጓዳኝ ስለማይኖር፣ ማስረጃ አለማግኘት የጥንድ መነሻን አያፈርስም።

ደረጃ 9፦ ከጎንደር ሰማይ ላይ ይለማመዱ

ክረምቱ ከሰኔ እስከ መስከረም ሰማዩን ስለሚሸፍን ልምምዱን በጥቅምት ይጀምሩ። ኢታ አኲሌ የተባለው ሴፌይድ (ዑደቱ 7.18 ቀን፣ ድምቀቱ ከ3.5 እስከ 4.4) በጥቅምት መጀመሪያ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ከአናት በላይ ሊባል በሚችል ከፍታ ስለሚገኝ ከከተማው መብራት ራቅ ብሎ በባዶ ዓይን ይታያል። ካፓ ፓቮኒስ ከጎንደር ከአድማስ በላይ ከ10 ዲግሪ ብዙም ስለማያልፍ፣ ደቡቡ ክፍት በሆነ ከፍታ ላይ ሆኖ መፈለግ ይሻላል።

የተለመዱ ስሕተቶች

1. ዑደቱን ብቻ ይዞ የሴፌይድ ዕድሜ ቀመር ውስጥ ማስገባት። ደረጃ 5 ሳይጠናቀቅ ደረጃ 7 አይነካም።
2. የአቧራውን ተጽዕኖ መርሳት። በሚልኪ ዌይ ወገብ አካባቢ ላለ ኮከብ ስሕተቱ ከአንድ ማግኒቲውድ ሊበልጥ ይችላል፤ የሚቻል ከሆነ በኢንፍራሬድ የተወሰደ ድምቀት ይጠቀሙ፤ ኬ በተባለው ማጣሪያ የአቧራው ተጽዕኖ በቪ ካለው አንድ አሥረኛ ገደማ ነው።
3. ትንሹ ማግኒቲውድ የበለጠ ድምቀት መሆኑን ዘንግቶ መደመርና መቀነስን ማገላበጥ።
4. ወጣት ኮከብ በከፍተኛ ፍጥነት ሲገኝ ወዲያውኑ የሃሎ ነው ማለት። ከተጓዳኙ ፍንዳታ ወይም ከክምችት ተወርውሮ የወጣ ሊሆን ይችላል፤ ምሕዋሩን ወደ ኋላ አስልተው ከየት እንደተነሳ ያረጋግጡ።
5. ዕድሜን ያለ ስሕተት ወሰን መጻፍ። የተጠቀሙበትን ቀመር፣ ፓራላክስና የአቧራ ቁጥር ከውጤቱ ጋር ይመዝግቡ፤ የተሻለ ልኬት ሲወጣ ሌላ ሰው ስሌቱን ካቆሙበት መቀጠል የሚችለው ያን ጊዜ ነው።
6. ወደ አድማስ የቀረበን ኮከብ ከአናት በላይ ካለ ኮከብ ጋር ማነጻጸር። አየሩ የታችኛውን በእጅጉ ስለሚያደበዝዘው ማነጻጸሪያው ሁልጊዜ በተመሳሳይ ከፍታ ላይ ካለ ኮከብ መመረጥ አለበት።